ቁልቢና ጨለንቆ፦ አውቶቡሱ የሚቆምበትና የማይቆምበት መታሰቢያ

ከአዳማ ተነስቶ ወደ ሐረር የሚወጣ መንገደኛ ጨለንቆንና ቁልቢን የሚያገኛቸው በተከታታይ ነው። ሁለቱም በምሥራቅ ሐረርጌ ሜታ ወረዳ ያሉ፣ አስፋልቱን ይዘው ግራና ቀኝ የተዘረጉ የደጋ ከተሞች ናቸው። ሁለቱም መታሰቢያ አላቸው። የጨለንቆው ሐውልት በ1879 ዓ.ም. እዚያው ሜዳ ላይ በጦርነት ለወደቁት የቆመ ነው። የቁልቢው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከዚያ ጦርነት በኋላ ሐረርን እንዲገዙ የተሾሙት ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ያቋቋሙት ነው። በየዓመቱ ለታኅሣሥ 19 እና ለሐምሌ 19 ከአዳማ የሚነሱት የስለት አውቶቡሶች ጨለንቆን በመስኮት አይተው ያልፉና ሰዋቸውን ቁልቢ ላይ ያራግፋሉ።

ሦስተኛ መታሰቢያም ነበር። በሐረር አዲሱ ከተማ አደባባይ ላይ ራስ መኮንን በፈረስ ተቀምጠው የሚታዩበት ሐውልት በዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቆሞ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በአንድ ቀን ወደቀ። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ነው። የአንድ ሰው ስም በሁለት ቦታ ተተክሎ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ምንም ያልሆነው ለምንድን ነው? የአዳማ ሰውስ ስንት ጊዜ በጨለንቆ ሲያልፍ ለምን አይወርድም?

ነገሩን ለመረዳት ወደ ግብፆች መመለስ ያስፈልጋል። ግብፅ ሐረርን በ1868 ዓ.ም. ያዘችና አሥር ዓመት ያህል ገዛች። በ1877 ዓ.ም. ጦሯ ሲወጣ ሥልጣኑ ግብፆች ለገለበጡት አሚር ልጅ፣ ለአብዱላሂ ተመለሰ። አሚር አብዱላሂ የተረከቡት ከተማ በወታደር የሳሳ፣ በንግድ ግን ሀብታም ነበር። ሐረር ማለት ያኔ የቡና፣ የጫትና የቆዳ ገበያ ብቻ አልነበረችም፤ ወደ ዘይላና ወደ ባሕሩ የምታስወጣ በር ነበረች። መሣሪያ የሚገባውም በዚያው አቅጣጫ ነው። ገና የሸዋ ንጉሥ የነበሩት፣ ከበላያቸው ዓፄ ዮሐንስ ያሉባቸው ምኒልክ ዓይናቸውን እዚያ ላይ መጣላቸው አይደንቅም። በ1878 ዓ.ም. በኮንት ፖሮ የሚመራ የጣሊያኖች ቡድን በአሚሩ ግዛት ተገደለ። ለዘመቻው ምክንያት የሆነው ይኸው ነው። ምክንያት ስል ሰበብ ማለቴ ነው፤ ፖሮ ባይሞትም ሐረር አትተውም ነበር።

ከዋናው ጦር በፊት ወደ ጨርጨር የገባ ሌላ ጦር ነበር። በደጃዝማች ወልደ ገብርኤል የሚመራው ይህ ጦር ሂርና ላይ ሰፍሮ ሳለ የአሚሩ ሰዎች ሌሊት ርችት ተኮሱበት። ርችት አይቶ የማያውቀው ወታደር ሰማይ የተከፈተበት መስሎት ሸሸ ይባላል። ሂርናን የአዳማ መንገደኛ በደንብ ያውቃታል። ከጭሮ በኋላ ሾፌሩ ፍሬን የሚያቀዘቅዝባት፣ ሻይ የሚጠጣባት ከተማ ናት። እዚያ ቁጭ ብለው ሻይ ከሚጠጡት መካከል ርችቱን የሚያውቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ከዚያ በኋላ ምኒልክ ራሳቸው መጡ። በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን ሁለቱ ጦሮች ጨለንቆ ላይ ተገናኙ። በአሚሩ ወገን ሐረሪዎችና የአካባቢው ኦሮሞዎች ተሰልፈዋል፤ ከግብፅ የተረፉ ጥቂት መድፎችም ነበሯቸው። በምኒልክ በኩል ጠመንጃው ብዙ፣ ጦሩም በዘመቻ የተፈተነ ነበር። ውጊያው ረጅም አልነበረም። አሚሩ ሸሽተው ወደ ኦጋዴን ወረዱ፤ ንጉሡ ሐረር ገቡ። ከተማዪቱን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት የአጎታቸው ልጅ እንኳ አይደሉም፤ የአክስታቸው የተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ ልጅ መኮንን ናቸው። ዕድሜያቸው ሠላሳ አምስት አካባቢ ነበር።

ስለ መኮንን ብዙ ተጽፏል፣ ግን አብዛኛው ጽሑፍ «የዓፄ ኃይለ ሥላሴ አባት» ብሎ ጀምሮ እዚያው ይጨርሳል። ሰውዬው ከዚያ በላይ ነበሩ። ሐረርን ለሃያ ዓመት ገደማ ሲገዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሳይኖር የውጭ ጉዳይ ሥራ የሚሠራው በእሳቸው ደጅ ነበር፤ ነጋዴው፣ ሚስዮናዊው፣ ቆንስሉ ሁሉ በዚያ ነው የሚገባው። የውጫሌ ውል ከተፈረመ በኋላ ልዑካን መርተው ጣሊያን ሄዱ። ከዚያችው ጣሊያን ጋር ጦርነቱ ሲመጣ አምባላጌ ላይ፣ መቀሌ ላይ፣ አድዋ ላይ ነበሩ። በ1894 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ለንደን ተጓዙ። ሐረር ላይ ሆስፒታል አቋቁመው ከጓድሎፕ የመጣውን ዶክተር ቪታሊየን ሾሙበት። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. አካባቢ ድሬዳዋ የደረሰውም በእሳቸው አገዛዝ ጊዜ ነው። ሐዲዱ የሐረርን ዳገት ስላልወጣ ነው ከሥሩ ሌላ ከተማ የበቀለው።

የሞቱት መንገድ ላይ ነው። በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀምረው ታመሙ፤ መጋቢት ላይ ቁልቢ አረፉ። አስከሬናቸው ወደ ሐረር ተመልሶ በቅዱስ ሚካኤል ተቀበረ። እንግዲህ ለፖለቲከኛ ሕይወቱ ያለፈችበት የመንገድ ዳር ከተማ መታሰቢያ ብትሆንለት የሚጠበቅ ነው። ቁልቢ ግን ያንን አልሆነችም፤ ወይም ሆና ሳለች ማንም አላስተዋለም።

የቁልቢ ገብርኤልን ነገር ከአዳማ ሆኖ ማየት ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም አዳማ ለበዓሉ መንገድ ላይ ያለች መናኸሪያ ናት። ድሮ ሰው በባቡር ድሬዳዋ ይደርስና ከዚያ በመኪና ዳገቱን ይወጣ ነበር፤ አዳማም የሐዲዱ ጣቢያ ስለነበረች ብዙ ቤተሰብ የስለት ጉዞውን የሚያስታውሰው በፉርጎ ሽታ ነው። አሁን መኪናው ነው። በበዓሉ ዋዜማ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ድረስ ያለው መንገድ ከአዲስ አበባ በመጣውና ከአዳማ በተጨመረው ተሽከርካሪ ይሞላል። በሰቃ ሐይቅ ጎን ሲታለፍ ገና ሙቀቱ አለ፤ ከሚኤሶ በኋላ ተራራው ይጀምራል፤ ጭሮ ላይ ጋቢ ይወጣል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተሂዶ ቁልቢ ሲደረስ ብርዱ አጥንት ይነካል።

አውቶቡሱ ውስጥ ያለውን ስለት አንድ ጊዜ ልብ ብዬ አይቼዋለሁ። ከመቀመጫ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጃንጥላ፣ በፌስታል የታሰረ ጧፍ፣ አንድ ምንጣፍ፣ በሕፃን ልብስ የተጠቀለለ የወርቅ ቀለበት። ጃንጥላው የአንዲት እናት ነው። ዘርፉ በየዳገቱ ይወዛወዝ ነበርና ባለቤቲቱ እየተነሱ ያስተካክሉታል፤ ረዳቱ «እማማ ይቀመጡ፣ መኪናው ፍሬን ይይዛል» ይላቸዋል፤ አይሰሙትም። ልጃቸው መውለድ እንቢ ብሏት ነው የተሳሉት። አሁን የልጅ ልጃቸው ከጎናቸው አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

«እማማ፣ ቁልቢን ያሠራው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ማን ያሠራዋል ልጄ፣ ገብርኤል ነዋ ያሠራው!»

ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ራስ መኮንን ናቸው» አለ። እማማ ዞር አሉና «እሳቸውማ ተልከው ነው» አሉት። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

የጉዳዩ ዋና ነገር ለእኔ እዚህች መልስ ውስጥ ነው ያለው። እንደሚተረከው ራስ መኮንን ራሳቸው የተሳሉ ሰው ናቸው፤ ከአድዋ በድል ብመለስ ብለው ለገብርኤል ስለት ገብተዋል። ዛሬ በጉልላቱ ከሩቅ የሚታየው ትልቁ ሕንፃ ልጃቸው ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ነው። የሁለት ገዥዎች እጅ አለበት ማለት ነው። ነገር ግን ደጁ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ዳገቱን የምትወጣው ሴት የመጣችው ለመኮንን አይደለም። የመጣችው ለማሕፀኗ፣ ለልጇ መንገድ፣ ለባሏ ጤና ነው። ስለት ከሚያስገቡት መካከል ሙስሊሞች መኖራቸውን ቁልቢን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ኢሕአዴግ መጣ፣ ሄደ፤ ሰው አሁንም ይሄዳል። መኮንን እዚያ ያሉት እንደ ባለጉዳይ ነው፤ ከሁሉ ቀድሞ የተሳለ አንድ ባለጉዳይ። በሌላ ሰው ስለት ሥር የተሸሸገ ስም ለመንቀል አስቸጋሪ ነው። የሚነቅለው ሰው ከመኮንን ጋር ሳይሆን ከእማማ ጋር ነው የሚጣላው።

የሐረሩ ሐውልት እንዲህ ዓይነት ከለላ አልነበረውም። ፈረሰኛው ሐውልት አንድ ሥራ ብቻ ነበረው፤ ይህ ሰው ይህችን ከተማ ገዝቷል ማለት። ልጅ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ለአባቱ ያቆመው ስለሆነ ደግሞ የአባትየውን ያህል የልጁንም ሥልጣን ይናገራል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሌሊት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በተነሣው ቁጣ ውስጥ ወጣቶች የሐረሩን ሐውልት ጣሉት። በማግስቱ፣ ሰኔ 23፣ ለንደን ዊምብልደን ውስጥ በሚገኝ መናፈሻ የነበረው የዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከደረት በላይ የሆነ ሐውልትም ተሰባበረ። የአባትና የልጅ ምስል በሁለት አህጉር በአንድ ሰሞን መውደቁ የሚያሳየው ነገር አለ። የቁጣው ዒላማ ድንጋዩና ነሐሱ ሳይሆን ሐውልቱ ይዞት የቆመው አባባል ነበር። ያ ሰኔ የሐውልት ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ፣ በየከተማው ሰው መሞቱንና ንብረት መውደሙን አዳማ ያለ ሰው ሊነገረው አይገባም። ስለዚህ የሐውልቱን መፍረስ እንደ ድል የሚያወሩትንም፣ የሞተውን ሰው ትተው ለነሐሱ ብቻ የሚያለቅሱትንም እኩል አልሰማቸውም።

ስለ ሐረር ካነሣን ፈረስ መጋላን መርሳት አይቻልም። በጀጎል ግንብ ውስጥ ባለችው በዚያች አደባባይ መሐል ለጨለንቆ ሰማዕታት የቆመ መታሰቢያ አለ፤ ጎኑ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ በመጣው አገዛዝ የተሠራ። ሁለቱ እዚያ ፊት ለፊት ተያይተው ይኖራሉ፤ ባጃጁ በመሐላቸው ይዞራል፤ መኪና ግርግር በምትባለው ጠባብ መንገድ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ሲንኳኳ ይውላል። ለእኔ ይህ ከሁሉም የተሻለው አኗኗር ነው። አንዱ ሌላውን አይሸፍንም፤ ጎብኚው ሁለቱንም ሳያይ ማለፍ አይችልም። በመንገዱ ላይ የጎደለው ይኼ ነው። ጨለንቆና ቁልቢ በኪሎ ሜትር ተቀራርበው ሳለ፣ በመንገደኛው አእምሮ ውስጥ ግን አንድም ጊዜ አብረው አይነሱም።

ታዲያ አውቶቡሱ ጨለንቆ ላይ ለምን አይቆምም? ቀላሉ መልስ የጊዜ ነው። ሾፌሩ ቁልቢ ሳይጨናነቅ መድረስ ይፈልጋል፤ በበዓሉ ዋዜማ ከጨለንቆ በኋላ ያለው መንገድ መኪና ከመኪና የሚነካካበት ነው። ተሳፋሪውም ጾመኛ ነው፣ ደክሟል፣ ሂርና ላይ ወርዷል፤ ሌላ መውረድ አይፈልግም። ይህ እውነት ነው፣ ግን መልሱን አይጨርሰውም። አንድ የአዳማ የጉዞ ማኅበር ለተጓዦቹ የመንገድ ገለጻ የምትሆን ግማሽ ገጽ ወረቀት እንዳዘጋጅ ጠይቆኝ ነበርና፣ ጨለንቆን ያካተተ ጽሑፍ ሳቀርብ የተነሣው ክርክር የጊዜ ብቻ አልነበረም።

ስብሰባው በአንድ አባል ቤት፣ ቡና ተፈልቶ ነው የተደረገው። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ የስለት መንገድ ላይ ፖለቲካ አታስገባብን» አሉ። ሐሳባቸው የክፋት አልነበረም። ሰው ልቡን አዘጋጅቶ ሲሄድ ስለ ደም ማውራት ተገቢ አይደለም ነው የሚሉት። ቡናውን የምትቀዳው ልጅ ግን ጀበናውን አስቀምጣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እናቴ የሜታ ልጅ ናት» አለች። «ጨለንቆ ላይ የሞቱትን አያቶቿ እየነገሯት ነው ያደገችው። ቁልቢም ትሳላለች። እርስዎ እንዳሉት ከሆነ እሷ በየዓመቱ ፖለቲካ ይዛ ነው የምትሄደው።» አባት ፈገግ አሉ። «እናትሽማ መብቷ ነው» አሉ፤ ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ማካተት አለማካተትን ሳይሆን መቼ እንደሚሆን ነው።

አዳማ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቤት ብርቅ አይደለም። አባት ከመንዝ፣ እናት ከሐረርጌ፤ ወይም አንዱ አርሲ አንዱ ጉራጌ፤ ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ፣ አንዳንዴ ሁለት ሃይማኖት። የጨለንቆን ሁለት ወገን ከአንድ ገበታ ዙሪያ የሚያገኙ ሰዎች ናቸው እንግዲህ በአንድ አውቶቡስ የሚሳፈሩት። ጸጥታው ከመጥላት የመጣ አይመስለኝም። ማን ፊት ምን እንደሚባል ስለማይታወቅ ሰው ዝም ይላል። ጨለንቆ ላይ መውረድ ማለት አንድ ሰው መናገር አለበት ማለት ነው፤ የሚናገረው ደግሞ ወይ ለአሚሩ፣ ወይ ለምኒልክ ጠበቃ እንዳይመስል ይፈራል። ቁልቢ ላይ ግን ማንም ምንም መናገር የለበትም፤ ጧፉን ማብራት ነው።

ሐውልቱ ራሱም ሊረዳ ይችል ነበር። በአገራችን የመታሰቢያ ልማድ ሐውልት ይቆማል፣ ይመረቃል፣ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፣ ከዚያ ለመንገደኛው የሚሆን ነገር ይረሳል። አውቶቡስ የሚቆምበት ሜዳ፣ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚነበብ አጭር ጽሑፍ፣ ከአካባቢው ተወልዶ ታሪኩን የሚነግር ሰው። የሐውልት መሐንዲሶች ስለ ቁመቱ የሚጨነቁትን ያህል ስለ መጸዳጃ ቤቱ ቢጨነቁ ከዓመት ዓመት የሚመጣው ሰው ይጨምር ነበር። ቀልድ አይደለም። ቁልቢን ሰው የሚሞላው እምነቱ ስላለው ነው፤ ሰው ግን እዚያ ማደሪያም፣ ሽሮም፣ ሻይም ያገኛል፤ የከተማዋ ነዋሪ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በበዓሉ ቤቱን አከራይቶ፣ ድንችና ዳቦ ሸጦ ያተርፋል። መታሰቢያው ለከተማው እንጀራ ሆኗል። የጨለንቆ ሰው ከሐውልቱ የሚያገኘው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ሐውልቱን ያቆሙት ሁሉ ሊመልሱት የሚገባ ነው፤ ሰው የሚጠብቀው ነገር የሚቆየው ሰው ሲኖርበት ነውና።

የማኅበሩ ውሳኔ ይህ ሆነ። ሲሄዱ አይቆሙም፤ ሲመለሱ ይቆማሉ። በመልሱ ጉዞ ስለቱ ገብቷል፣ ሆድ ጠግቧል፣ ሾፌሩም እንደ መምጫው አይጣደፍም። ወረቀቱም ተቀየረ፤ እንደ ክርክር ሳይሆን እንደ መንገዱ ቅደም ተከተል ተጻፈ። ሂርና ላይ ርችቱ፣ ጨለንቆ ላይ ጦርነቱ፣ ቁልቢ ላይ የመኮንን ስለትና ሞት። ስለ አሚሩም ስለ ንጉሡም ቅጽል የለም፤ ማን ከማን ጋር እንደተሰለፈ፣ ማን እንዳሸነፈ፣ ማን እንደተሾመ ብቻ።

የመጀመሪያው መውረድ ያማረ አልነበረም። ከአውቶቡሱ ግማሹ ሰው እንቅልፍ ላይ ነበር፤ የወረደውም መጀመሪያ የፈለገው ዛፍ ጥግ ነው። በኋላ ግን አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ቀረብ ብለው ከየት እንደመጣን ጠየቁ። «ከአዳማ፣ ከቁልቢ እየተመለስን ነው» ስንላቸው «እንኳን አደረሳችሁ፣ ገብርኤል ይስማችሁ» አሉ፤ ሙስሊም ናቸው። ከዚያ ጦርነቱ የት ጋ እንደተጀመረ በዱላቸው እያመለከቱ በኦሮምኛ ነገሩን፤ ያቺ ቡና የቀዳችው ልጅ አስተረጎመች። ጃንጥላውን አስገብተው የሚመለሱት እማማም ወርደው ነበር። ሽማግሌውን እስከ መጨረሻ ሰሙና ስንት ልጆች እንዳሏቸው ጠየቋቸው። ከዚያ ወሬው ወደ ዝናብና ወደ ድንች ዋጋ ሄደ፤ ሾፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስም አልተመለሰም።

ለሐምሌው ጉዞ አንዳንዶች ሐረር ድረስ ዘልቀን ፈረስ መጋላን እንይ እያሉ ነው። ያ አንድ ተጨማሪ ማደሪያ ይጠይቃል፤ የሆቴሉን ወጪ የሚችለውና የማይችለው አልተስማማም። ወጣቶቹ ድንኳን እንያዝ ይላሉ። ስለ ዋጋው የሚነጋገር ኮሚቴ ተመርጧል።